የተቀባ ስንጥቅ

የግድግዳ ስንጥቅ በገንዘብ ይሠራል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኛ የዛሪማ ልጆች መጀመሪያ ስንሰማ ሳቅን። በኛ አገር ግድግዳ የሚሰነጥቁት ፀሐይና ዝናብ ናቸው፤ ደመወዝም አይጠይቁ። ዳሩ ግን ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሎሪዳ ላይ በከፈተው «አኒማል ኪንግደም» መናፈሻ ውስጥ «ሃራምቤ» የምትባል የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አለች። አለች እንበል እንጂ በዓለም ካርታ ላይ አትገኝም። የፈጠሯት ነዳፊዎች ናቸው። ግድግዳዋ ተሰንጥቆ፣ ቀለሟ ተልጦ ተወለደች።

እነዚህ ነዳፊዎች እነማን ናቸው? ኩባንያው «ኢማጂኒር» ይላቸዋል፤ ምናብንና መሐንዲስን አዳቅሎ ያወጣላቸው ስም ነው። ዋልት ዲዝኒ ቡድኑን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በ1955 የተከፈተው ዲዝኒላንድ የእጃቸው ሥራ ነው። ሠዓሊው፣ መሐንዲሱ፣ ደራሲው፣ የመብራት ባለሙያው አንድ ላይ ይመክራሉ። መስኮቱም፣ ታፔላውም፣ የእግር መንገዱም አንድ ታሪክ እንዲናገር ይደክማሉ።

የአኒማል ኪንግደምን ንድፍ የመራው ጆ ሮዲ ከጓደኞቹ ጋር አፍሪካ ድረስ ሄዶ አየ። የኬንያዋ ጥንታዊት የወደብ ከተማ ላሙ ለሃራምቤ ቤቶች አርአያ ሆነች። ለሣር ክዳኑ ከደቡብ አፍሪካ የዙሉ ባለሙያዎች ተጠሩ። ግዙፎቹ የባኦባብ ዛፎች ግን ሲሚንቶ ናቸው። ከዚያ ታሪክ ተጻፈላት፤ በ1961 ነፃ ወጣች ተባለ። ልብ በሉ እንግዲህ! ማንም ያልገዛት ከተማ የነፃነት ዓመት አላት።

ማሾፉ ቀላል ነው። ግን ሙያው ለአገራችን እንግዳ ነው እንዴ? ላሊበላ ላይ ዮርዳኖስ አለ፣ ጎልጎታ አለ፣ ቤተ ልሔም አለ። እንደሚባለው፣ ኢየሩሳሌም መድረስ ላልቻለ ምእመን ኢየሩሳሌም ከዐለት ተፈልፍላ ቀረበችለት። ጎንደርም የፋሲል መዋኛ ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል። ያን ገንዳ የነደፈው ሰው ሕዝብ በየት ገብቶ በየት እንደሚቆም ሳያስብ አልቀረም። ስሙን ግን ማን ያውቀዋል?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጥምቀተ ባሕሩን የከበበው ሕዝብ ባለቤት ነው፤ በዓሉ የራሱ ነው። በሃራምቤ ግን ጎብኚውም አስተናጋጁም ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተወልዶባት ያደገ፣ ሙቶ የሚቀበርባት የለም።

በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክም የክልሎችን ባህል የሚያሳዩ ቤቶች አሉት። አገርን ወደ አንድ ግቢ ለማስገባት አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ነው። እና ጥያቄያችን ይኸው ነው፤ የሚመርጠው ማነው?

ዛሪማን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲወርዱ፣ ወደ አዲአርቃይ ሲያልፉ፣ ቆላ ላይ ያለች የመንገድ ከተማ ናት። ፈረንጁ ከመኪና ወርዶ ካሜራውን ከጣሪያችን በላይ ወደ ስሜን ተራሮች ያነጣጥራል። እኛ ከፎቶው ግርጌ ነን፤ ብዙ ጊዜም ተቆርጠን እንቀራለን።

በዚህ ነገር ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ተከራከርን። አንዱ «ኧረ እባካችሁ! ጎብኚ የሚጎርፍባት የውሸት ከተማ፣ መኪና ከሚያልፋት የእውነት ከተማ ትሻላለች። ቢያንስ እንጀራ አላት» አለ። ቀልድ መስሎን ነበር፤ ግን የሚመልስለት ጠፋ። ሥራ ያጣ ወንድም ቤቱ ያለው ሰው፣ ስለ እውነተኛነት ሲሰብኩለት ምን ይበል?

እኛ የምንለው ይህን ነው። ከነዚያ ሰዎች የምንቀዳው ስንጥቁን አይደለም፤ ስንጥቁን ለመቀባት ቁጭ ብለው ያዩበትን ዓይን ነው። ላሙን እንዳዩ ዛሪማን ለሳምንታት ያያት ነዳፊ ማን አለ? እናንተ ሥዕልና ምሕንድስና የምትማሩ ጓደኞቻችን፣ ሰው አውቶቡስ የሚጠብቀው የት ጥላ ሥር ነው? እናቶች እንስራ ተሸክመው በየት ያልፋሉ? እሱን ነድፉልን። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባል የለ?

ጎብኚ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ሻይም እናፈላለታለን። ለሱ ሲባል ግን ግድግዳችን ተሰንጥቆ ይቆይ የሚል ንድፍ ከመጣ፣ በበኩላችን አንፈርምም። ስንጥቁ መጀመሪያ ይደፈን።