የእህቷ ስም

ደብዳቤው ዛሬ ረፋድ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። ትልቋ እህት ፖስታውን በር ላይ እንደቆመች ቀደደችው። እናቷ ጀበናውን ከእሳት አውጥተው «ምን አሉ?» ሲሏት «አውጥተውታል እማዬ፣ ሙሉ በሙሉ አውጥተውታል» አለች። እናት እልል አሉ። ከክሬዲት ሪፖርቷ የተሰረዘው የመኪና ብድር ነው፤ ከሥሩ ሦስት ጊዜ ክፍያ ዘግይቷል የሚል ነበረበት። እሷ መኪና ገዝታ አታውቅም። ሥራ የምትመላለሰው በአውቶቡስና በሜትሮ ነው።

ነገሩ የታወቀው ለቤት ብድር ስታመለክት ነው። ለዓመታት በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን እየተንከባከበች ለዳውን ፔይመንት የሚሆን ገንዘብ አጠራቅማለች፤ አንድም ቢል ቀን አሳልፋ አታውቅም። አበዳሪው ግን ስኮሯን አይቶ ወለዱ ከፍ እንደሚልባት ነገራት። ለቤት ብድር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች የሦስቱም ውጤት ይወሰድና መካከለኛው ይያዛል። ስህተቱ ከሦስቱ በሁለቱ ላይ ስለነበር መካከለኛውም አብሮ ወረደ።

መኪናው የታናሽ እህቷ ነው። ታናሽየዋ ሥራ አጥታ በነበረበት ጊዜ ሦስት ወር መክፈል አቅቷት ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰችም። በኋላ ሥራ አግኝታ፣ ውዝፉን ከፍላ ጨርሳለች። ያ ሁሉ በትልቋ ሪፖርት ላይ ታትሞ ወጣና በእናቷ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ሰው ገበናውን ለቤተሰቡ የሚያወራው ሲፈልግና ሲችል ነው። የታናሽየዋን ግን ፊቷን እንኳ አይቶ የማያውቅ ድርጅት አወጣባት። ያን ቀን ልጅቱ ቡናውን ሳትጠጣ ተነስታ ሄደች፤ ሁለት ሳምንትም ስልክ አላነሳችም። ከብድሩ ወለድ ይልቅ ይህ ያስቆጣል።

እንዴት ተቀላቀለ? ሁለቱ ልጆች በስደት ካምፕ አድርገው ነው አሜሪካ የገቡት። የሁለቱም «የቤተሰብ ስም» የአባታቸው ስም ነው። የአንዷ ስም በሌላዋ ስም ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ። የልደት ቀናቸውም፣ እንደ ብዙ ስደተኛ፣ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቶላቸዋል። ለዓመታት የኖሩት በአንድ አድራሻ ነው። ሶሻላቸውን ያወጡት ደግሞ በአንድ ቀን ነበር፤ እስከ 2011 አጋማሽ ድረስ ቁጥሩ በተርታ ይሰጥ ስለነበር የሚለያዩት በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነው። አበሻ ቤት ይህ ብርቅ አይደለም።

በስም ተመሳሳይነት የሚጎዳው አበሻ ብቻም አይደለም። በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ የትራንስዩኒየን ሪፖርት ስሙን ከአሸባሪዎችና ከአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች የመንግሥት ዝርዝር ጋር ስላዛመደው ሻጩ አልሸጥልህም አለው። መኪናዋን ሚስቱ በራሷ ስም ገዛች። ድርጅቱ ያመሳከረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምን ብቻ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ሲወሰን፣ ስህተቱ በፋይላቸው ላይ ከነበረ 8,185 ሰዎች ውስጥ ካሳ የመጠየቅ መብት የተረጋገጠላቸው ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853ቱ ናቸው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ2013 ባወጣው ጥናት ከ5 ሰዎች አንዱ ቢያንስ በአንድ ሪፖርቱ ላይ ስህተት አግኝቶ አሳርሟል።

እህትማማቾቹን ያስታረቀው ራሱ እርማቱ ነው። ታናሽየዋ ተመልሳ መጣችና «ብድሩ የእኔ ነው» ብላ ጽፋ ፈረመች። ትልቋ የመታወቂያዋን፣ የሶሻል ካርዷንና የመብራት ቢሏን ኮፒ አያይዛ፣ ስህተቱን በቀይ አክብባ፣ ለሁለቱ ድርጅቶችና ለመኪናው አበዳሪ በሰርቲፋይድ ሜል ላከች። በሕጉ መሠረት ድርጅቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው፤ ለዚህም ምንም አያስከፍሉም። ሰፈር ውስጥ «ክሬዲት አስተካክላለሁ» እያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። የራስን ሪፖርት ማየት ስኮር ይቀንሳል የሚባለውም ውሸት ነው፤ አይቀንስም።

ከወንድም ከእህቱ ጋር በአንድ ጣሪያ የኖረ፣ ጃንዋሪ 1 «የተወለደ» ሁሉ ዛሬ ማታ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ይግባ፤ ኢንተርኔት የማይሆንለት በ1-877-322-8228 ይደውል። የኢኩፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል። ሦስቱንም አውጡ፤ ከዕዳው ዝርዝር በፊት ስምና አድራሻ የሰፈረበትን ክፍል አንብቡ። የታናሽየዋ ስም «ሌላ መጠሪያ» ተብሎ የተጻፈው እዚያ ነበር።