ሽጉጥ ታጥቆ መንገድ፦ ከአዋሽ እስከ ሐረር

«የግል መሣሪያህን በስንት ቀን አንድ ጊዜ ትወለውላለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው የሠራዊት አባል ሳያመነታ «በየሳምንቱ» ብሎ ይመልሳል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከዚሁ ወገን ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ አንጥፌ፣ ሽጉጤን ፈትቼ፣ ወልውዬ፣ ዘይት ቀብቼ ስገጥም የሳምንቱን ግዴታ የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ቀን መቁጠሪያ ግን አቧራ አይቆጥርም፤ ላብም አይቆጥርም። ይህን የተማርኩት ወደ ምሥራቅ ተዛውሬ ከባለቤቴና ከሦስት ዓመት ልጄ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በተጓዝኩበት መንገድ ላይ ነው።

ጉዞው የተጀመረው እሑድ ማለዳ ነበር። ሽጉጤ በሠራዊታችን ዘንድ የታወቀው ማካሮቭ ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ጦር ተቀባይነት ያገኘ፣ በካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ፣ ባዶውን 730 ግራም ያህል የሚመዝን መሣሪያ። ትንሽ በመሆኑ ከኮት ሥር ሲታጠቁት አይታይም። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከሰው ዓይን የተሰወረ ዕቃ ከባለቤቱ ሐሳብም በቀላሉ ይሰወራልና። በዋዜማው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ወልውዬው ነበር። ረጅም መንገድ ስለሚጠብቀኝም «ይጠቅመዋል» ብዬ ዘይቱን አብዝቼ ቀባሁት።

አዳማን አልፈን ወደ መተሐራ ስንቀርብ ምድሩ መልኩን ለወጠ። በስተግራ የፈንታሌ ተራራ፣ በግራና በቀኝ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ፣ አጠገቡም ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን ሲገፋ የኖረው የበሰቃ ሐይቅ። ከዚህ ወዲያ እስከ አዋሽ ድረስ ሙቀቱና ነፋሱ ይበረታሉ። የመኪናችን ጎማ ተንፍሶ ከመንገዱ ዳር ቆመን ስንጠግን፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው እንደ ጉም እየተነሣ ያለብሰን ነበር። አዋሽ ሰባት ደርሰን ሻይ ለመጠጣት ስንቀመጥ ባለቤቴ የልጃችንን ፊት በእርጥብ ፎጣ ብትጠርገው ፎጣው ቡናማ ሆነ። እኔም ፊቴንና አንገቴን ታጠብኩ። ያ ሁሉ አቧራ ወገቤ ላይ ባለው ዘይት የጠገበ ብረት ላይ ምን እንደሚሠራ ግን ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ነገሩ ቀላል ነው። ዘይት አቧራን ይስባል፤ አቧራ የጠጣ ዘይትም ማለስለሱን ትቶ እንደ ሞረድ ብረቱን ይፍቃል፣ ሲደርቅም እንደ ጭቃ ይይዛል። ስለዚህ በቆላ ምድር የሚያስፈልገው በጨርቅ ጠርዝ የተቀባ፣ ለጣት ብቻ የሚታወቅ ስስ ዘይት ነው። በካዝናው ውስጥና በጥይቱ ላይ ደግሞ ዘይት ጨርሶ አይደርስም፤ ወደ ጥይቱ መለኮሻ ከሰረገ ባሩዱን ያበላሻልና።

ጎማው ባስከተለው መዘግየት ከአዋሽ ወዲያ ምሽት እንደሚይዘን ባወቅሁ ጊዜ፣ ሽጉጡን ጥይት አጉርሼ ሴፍቲውን ዘጋሁ። ይህን ያደረግሁት ለሌሊቱ መንገድ ብቻ ነበር። ስንደርስ ባዶ ማድረግ እንዳለብኝ ለራሴ ነገርኩት፤ አላደረግሁትም።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ አደርን። የማሽላና የጫት እርከኖች ተራራውን እንደ ደረጃ ከፍለውታል፤ ማለዳ ጉሙ እስከ ደጃፍ ይወርዳል። የቀዘቀዘ ብረት ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ እንደ ሰው ያልበዋል፤ በማግሥቱ ሽጉጤን ስታጠቅ እጄ ላይ የተሰማኝ እርጥበት ይኸው ነበር። በሱሪዬ ጠረግሁትና መንገዴን ቀጠልኩ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ምእመን የሚጎርፍበትን የቁልቢ ገብርኤልን ደጅ ተሳልመን፣ ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ወረድን።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። የከዚራ ዛፎች ጥላ፣ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዝምታ፣ ዝናብ ሲርቅ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ የመንገደኛን ልብ ያሳርፋሉ። እኔም ዐረፍኩ፤ አለመጠን ዐረፍኩ። ምደባዬ እስኪረጋገጥ ሦስት ቀን በእንግዳ ማረፊያ ስንቆይ፣ ከሙቀቱ የተነሣ ሸሚዜ ከገላዬ ይጣበቅ ስለነበር ሽጉጡን ከወገቤ ፈትቼ በኮቴ የውስጥ ኪስ አኖርኩት፤ ኮቱንም በወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀልኩት።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ልጄ ኮቴን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። «አባዬ፣ ኮትህ ድንጋይ ይዟል» አለችኝ።

እናቷ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ኮቱን ከልጅቷ እጅ በዝግታ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ። ሽጉጡን አውጥቼ፣ ካዝናውን ነቅዬ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስስበው የጎረሰችው ጥይት ወጥታ በሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ባለቤቴ ጥይቷን ከመሬት አንሥታ በመዳፌ ላይ አኖረቻት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስትወለውል አይሃለሁ» አለች፤ «የት እንደምታስቀምጠው ግን አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ በቀለለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እንደገና ደንገጎን ወጥተን፣ ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ በቅርብ ጊዜ ውሃ የተመለሰለትን የሐረማያን ሐይቅ አልፈን ሐረር ገባን። የጁገልን ግንብ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩትን የአሚር ኑርን ስምና በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ሁሉም ያውቃል። ለወታደር ግን ሐረር ሌላም ትርጉም አላት። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በህንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የጦር አካዳሚ በዚህች ከተማ ነበር፤ በሩ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ስሙ በመኮንኖች ዘንድ እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። እንዲህ ባለ ከተማ በተኩስ ሜዳ ማፈር እጥፍ ማፈር ነው።

ያፈርኩትም በዚያው ሳምንት ነው። በአዲሱ ክፍሌ የሽጉጥ ልምምድ ሲደረግ ተራዬ ደርሶ ተኮስኩ። የመጀመሪያዋ ጥይት ከዒላማው ግርጌ አፈር አነሣች፤ ሁለተኛዋ ጠርዙን ነካች፤ ከሦስተኛዋ በኋላ የሽጉጡ የላይኛው ብረት እስከ ፊት ሳይመለስ ከመንገድ ቀረ። የሜዳው ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሻምበል ባሻ ነበሩ። ሽጉጡን ተቀብለው ባዶ ካደረጉት በኋላ ፈትተው በጨርቅ ላይ ዘረጉትና መነጽራቸውን አጠለቁ።

«መቶ አለቃ፣ በአዋሽ በኩል ነው የመጡት?» አሉኝ።

«አዎን» አልኳቸው።

«ድሬዳዋም ሰንብተዋል» አሉና በመያዣው አጠገብ ያለውን ቀይ የዝገት ነጥብ በጥፍራቸው ጫሩት። «ይህ የላብ ዝገት ነው። ይህ ክር ደግሞ የኮት ኪስ ነው። ለመሆኑ ከተኮሱ ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ሰባት ወር» ስል ድምፄ እንደ ዝቅተኛ ተማሪ ድምፅ ሆነ።

«መሣሪያ የሄደበትን ይናገራል፤ እጅም ያልሄደበትን ይናገራል» ብለው ጨርቁን ሰጡኝ። ዝርዝሩን ያስተማሩኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም እነሆ ለጓዶቼ አስተላልፋለሁ።

አንደኛ፣ በየዕለቱ የሚታጠቁት መሣሪያ በየዕለቱ ይታያል። ማታ ካዝናው ይነቀላል፣ የጎረሰች ጥይት አለመኖሯ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፣ ላዩ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይወለወላል። በተተኮሰበት ቀን ግን ሳያድር ይወለወላል፤ በማግሥቱም እንደገና ይታያል፣ የባሩድ ቅሪት ከተወለወለ በኋላም ላብ ስለሚያወጣ። አቧራ፣ ዝናብ ወይም ላብ ካገኘው ደግሞ ቅዳሜ አይጠበቅም። በቆዳ አፎት ውስጥ ማሳደርም አይገባም፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያቆያልና።

ሁለተኛ፣ አንዷን ጥይት በየቀኑ ማጉረስና ማውጣት ያበላሻታል፤ እርሳሷ ወደ ቀለሃዋ እየገባች ትሄዳለች። ስለዚህ ተራዋን ትለውጥ፤ ያጠረች ወይም የተጎዳች ከመሰለች ለመሣሪያ ግምጃ ቤት ትመለስ።

ሦስተኛ፣ እጅ በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ ተኩስ አይሠለጥንም። ክፍሉ ከፈቀደ በወር አንድ ጊዜ፣ ካልሆነም በሦስት ወር አንድ ጊዜ 30 ጥይት ያህል ይተኮስ። የመጀመሪያዋ ጥይት ያረፈችበት ቦታ ይመዝገብ፤ የሰውዬው እውነተኛ ደረጃ እርሷ ናትና። በመካከሉ ያለ ጥይት በሳምንት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ መለማመድ ማለፊያ ነው፤ በማነጣጠር፣ የፊቱ ማነጣጠሪያ ሳይነቃነቅ ቃታ በመሳብ። ይህ የሚሆነው ግን ጥይት ሁሉ ወጥቶ በሌላ ክፍል ከተቆለፈበት፣ ባዶነቱ ሁለት ጊዜ ከታየ፣ አፈሙዙም ጥይት ወደማያሳልፍ የድንጋይ ግንብ ከዞረ በኋላ፣ ልጆች በሌሉበት ነው። «አበቃ» ከተባለ ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» የለም።

ውድ እህቶች፣ ይህ ገጽ የእናንተም ነውና አንድ ቃል ልጨምር። ሽጉጥ የባል ጉዳይ ነው ብላችሁ አትተዉት። መቆለፊያ ያለው የብረት ሣጥን በቤት ይኑር፤ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከባለመሣሪያው አንገት ወይም ኪስ አይለይ። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ኮት ኪስ ውስጥ ማኖር መደበቅ እንጂ መጠበቅ አይደለም፤ ልጅ የማይደርስበት መደበቂያ በቤት ውስጥ የለምና። «ባዶ ነው? የት ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅም ባልን መዳፈር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥያቄው ከጸጸት ይቀድማል።

በእኛ ቤት ሐረር ከገባን ወዲህ ይህ ጥያቄ ማታ ማታ ይጠየቃል። እኔም የላይኛውን ብረት ስቤ ባዶነቱን ለባለቤቴ አሳያታለሁ፤ እርሷም አይታ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ሣጥኑ ይቆለፋል። ልጄ አሁንም ኮቴን ከበር ተቀብላ መጎተት ትወዳለች። አልከለከልኳትም፤ ከመስጠቴ በፊት ግን ኪሶቹን አንድ በአንድ እዳብሳለሁ።

ይህን ያነበባችሁ የሠራዊቱ አባላት፣ ቅዳሜ እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ኮታችሁ የት እንደ ተሰቀለ ሂዱና ተመልከቱ።