ሊማሊሞ አፋፍ ላይ

ከአዲስ አበባ የተነሣው ብስክሌተኛ ጎንደርን በማለዳ ለቆ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ፣ የወገራን ነፋስ ፊት ለፊት እየታገለ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሲመሽ ደባርቅ፣ ከእናቱ ደጃፍ ደረሰ። ጉዞው ግን እስከ አክሱም ነበር። እናቱ እግሩን በሙቅ ውኃ እያጠበች፣ «መጣህ ወይስ ልታልፍ ነው?» አለችው። ዝም አለ።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ሊማሊሞ ይጀምራል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን አስፈልጦ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ። ቀናት ሙሉ ሽቅብ የለፋ እግር እዚያ ያርፋል፤ ፍሬን ግን ገና ሥራ መጀመሩ ነው!

ሲነጋ እናቱን ከብስክሌቱ አጠገብ ቆማ አገኛት። «ፍሬኑን ያዘው» አለችው። ያዘ። ባላት ኃይል ገፋችው፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ደግማ ገፋችው። ከዚያም በጨርቅ የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ ከኮርቻው ኋላ አሰረችለት።