ጋሼ ያሳዩን ሐይቆች

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሊድስ ለምንማር ጥቂት ሐበሾች የእረፍት ቀን ማለት አንዱ ቤት ተሰብስቦ ወጥ መሥራት፣ ቡና ማፍላትና የአገር ቤት ወሬ መቀባበል ነበር። ሩቅ ነድቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ተራራ በእግር ወጥቶ መውረድ እረፍት ነው ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር ስቀን እንመልሰው ነበር። ያን ሐሳብ ይዘው የመጡት ግን የማይሳቅባቸው ሰው ሆኑ።

ስማቸውን አልጠራም፤ ለእኛ ጋሼ ብቻ ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ክረምት ከበጋ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ። እንግሊዝ አገር የነሐሴ የመጨረሻው ሰኞ በዓል ነው፤ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ግድም ይውላል። ጋሼ ያን ሰሞን አሮጌ ፎርዳቸውን ያስነሱና እኛን ወጣቶቹን ጭነው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሐይቆቹ አውራጃ ይነዳሉ። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ነበር። በስኪፕተን፣ በሴትል፣ በከርክቢ ሎንስዴል አልፈን ኬንዳል እንገባለን። ከኬንዳል ወዲያ መንገዱ ይጠብባል፣ ደመናው ዝቅ ይላል፣ ጥቂት እንደሄድን በስተግራ ዊንደርሚር በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል።

«ይሄ ነው ትልቁ?» አለ የባሕር ዳሩ ጓደኛችን መጀመሪያ ያየው ቀን። ዊንደርሚር በእንግሊዝ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ ግን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ፣ ወርዱም ጠባብ ነው። ጣና ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጋሼ መሪውን እንደያዙ ዞር ሳይሉ፣ «ለመፎካከር አይደለም ያመጣሁህ፤ እይ ብቻ» አሉት።

እውነትም አገሩ የሚታየው በልክ ነው። ከፍተኛው ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው፤ እኛ አዲስ አበባ ላይ ስንቆም ከእሱ እጥፍ በላይ ከፍ ብለን ነው። ዝናቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ቦሮውዴል በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ሲዝዌት የምትባል የጥቂት ቤቶች መንደር አለች፤ ሰው ከሚኖርባቸው የእንግሊዝ ቦታዎች ሁሉ ይበልጥ የሚዘንብባት እሷ ናት። በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ የአዲስ አበባ ዝናብ 1,200 ገደማ ነው። ክረምታችንን ያወቀ ሰው እዚያ ሲደርስ ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው። ጭጋግ፣ ጭቃ፣ የራሰ ሣር ሽታ፣ ከየገደሉ የሚወርድ ነጭ ውኃ። እኔ ጎጃም ያደግሁበት ቀዬ ትዝ እያለኝ ዝም እል ነበር፤ ጓደኞቼም ዝም ይላሉ።

የምናድረው ግራስሚር አጠገብ ባለ የገበሬ ቤት ነው። ያን ጊዜ በየመንደሩ «አልጋና ቁርስ» የሚል የእንጨት ሰሌዳ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ቀጠሮ ምን ያደርጋል፤ ያንኳኳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይገባሉ። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ነበሩ። ጋሼ በአማርኛ «እሜቴ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስማቸው ይመስል አቤት ይላሉ። ቁርሳቸው ከባድ ነው። እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ከሁሉ በላይ የአሳማ ሥጋ። በመጀመሪያው ጠዋት አራታችንም ሥጋውን ሳህኑ ጥግ ገፍተን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ በማግስቱ በቦታው ተጨማሪ እንቁላል መጣ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ጋሼ እንቁላሉንም ወተቱንም እንደማንነካ ሲያስረዷቸው፣ «ታዲያ የላሟን ቀለብ ልትበሉባት ነው?» ብለው ሳቁና የአጃ ገንፎ በውኃ አገነፉልን። ከዚያ ወዲያ ዓርብን እኛ ብንረሳ እሳቸው አይረሱም ነበር።

ከቁርስ በኋላ ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ይዘረጋሉ። ቢጫ ሽፋን ያለው፣ እጥፋቱ የተላጠ፣ የመንግሥት ካርታ ድርጅት የሚያትመው። በእሱ ላይ እያንዳንዱ ካብ በቀጭን ጥቁር መስመር፣ ሕዝብ የሚያልፍበት የእግር መንገድ ሁሉ በአረንጓዴ ሰረዝ ተሰምሯል። አረንጓዴው ሰረዝ ማሳ አይል፣ ግጦሽ አይል፣ የገበሬ ግቢ አይል፣ ሰንጥቆ ያልፋል። እኛ ይህን ማመን አቅቶን ነበር።

«ጋሼ፣ ኧረ የሰው ግጦሽ ውስጥ ገባን!»

«ዝም ብለህ ና። መንገዱ ከባለቤቱ ይቀድማል።»

«ውሻ ቢለቁብንስ?»

«ከለቀቁብህ ትከሳለህ።»

«በማን ምስክር?»

«በዚህ!» አሉና ካርታውን አውለበለቡት።

ነገሩ በዋዛ የተገኘ አልነበረም። በ1932 ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ኪንደር ስካውት በሚባለው አምባ ላይ፣ ለጌቶች አደን ተከልሎ የነበረውን መሬት በመቶ የሚቆጠሩ የማንቸስተርና የአካባቢው ሠራተኞች በቀን ብርሃን ገብተው ረገጡት፤ ከመካከላቸውም አምስቱ ወኅኒ ወረዱ። በ1949 የወጣው ሕግ ብሔራዊ ፓርኮችን ሲያቋቁም የእግር መንገዶቹም በየአውራጃው በካርታ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ የሐይቆቹ አውራጃ ራሱ በ1951 ፓርክ ሆነ። ጋሼ ይህን ታሪክ ሲነግሩን በራሳቸው እግር የረገጡት ያህል ነበር ደስ የሚላቸው። የሚያከብሩትም አንድ ትእዛዝ ነበር፦ በሩን ክፍት ካገኘኸው ክፍቱን፣ ዝግ ካገኘኸው ዘግተህ እለፍ።

ሌላው ፍቅራቸው አልፍሬድ ዌይንራይት ነበር። ሰውዬው የኬንዳል ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ያዥ የነበረ ነው። መኪና የማይነዳ፣ በአውቶቡስ ሄዶ ተራራ የሚወጣ፣ ማታ ማታ ያየውን በብዕር የሚሥል። ከ1955 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት በሰባት መጻሕፍት 214 ተራሮችን መዝግቧል፤ ገጾቹ በገዛ እጁ ጽሑፍ የተሞሉ ናቸው። «ሂሳብ ሠራተኛ ነው እኮ!» ይሉናል ጋሼ በየጫፉ ላይ ቆመው፤ ወገናቸው የሆነ ያህል። በ1991 ሲሞት አመዱ ሄይስታክስ በሚባለው ተራራ ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር ተበተነ። ጋሼ ያን ዓመት ወጥተው አይተው ተመለሱ። መቃጠሉን አልወደዱለትም፤ ቦታውን ግን ወደዱለት።

ከመንገዶቹ ሁሉ እኔ የማልረሳው ከግራስሚር ወደ ራይዳል የሚወስደውን የላይኛውን ነው። የሬሳ መንገድ ይሉታል። በዱሮ ጊዜ የራይዳልና የአምብልሳይድ ሰው ሙታኑን የሚቀብረው ግራስሚር፣ ቅዱስ ኦስዋልድ ቤተ ክርስቲያን ስለነበር፣ ሬሳውን በዚያ ተዳፋት ተሸክሞ ይመጣ ነበር። በመንገዱ ዳር ሳጥኑን አሳርፈው ትንፋሽ የሚወስዱባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች እስከ ዛሬ አሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ከአንዱ ድንጋይ አጠገብ ደርሰን ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅነው።

አገራችን ሬሳ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ ካህናቱ በየማረፊያው ጸሎት ያደርሳሉ። ጋሼ እናታቸው ሲያርፉ አልነበሩም። በዚያ ዘመን ቢገቡ መውጣት አልነበረም፤ መርዶውን የነገራቸው ወራት ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤ ነው። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው አባታችን ሆይ ጀመሩ። እኛም ተቀበልናቸው። ከኋላችን የመጡ ባልና ሚስት እንግሊዞች እስክንጨርስ ድረስ ራቅ ብለው ቆመው ጠበቁ፤ ስናልፍም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉን። ከዚያ እስከ ራይዳል ጋሼ ስለ ካብ ሲያወሩ ነበር።

ስለ ካብ ማውራት ይችሉ ነበር። ያ አገር ተራራው ሁሉ በካብ የተሸነሸነ ነው። ጭቃም ሲሚንቶም የለው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ፊት እየተካበ መሐሉ በጠጠር ይሞላል፣ በየመካከሉ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረዥም ድንጋይ በአግድም ይገባል። ከሥሩ በግ የምትሾልክበት ቀዳዳ ይተውለታል። ጋሼ ፍርስራሽ ሲያዩ ቆመው፣ «ይሄ ማሰሪያ ድንጋይ አንሶት ነው» ብለው ይፈርዳሉ። በጎቹም የዋዛ አይደሉም። ሄርድዊክ ይባላሉ፤ ሲወለዱ ጥቁር ናቸው፣ ሲያረጁ ይሸብታሉ። አጥር በሌለበት ተራራ የየራሳቸውን ሰፈር ያውቃሉ፤ ግልገሏ ከእናቷ ትማራለች፣ እሷም ለልጇ ታስተምራለች። የሕፃናት መጽሐፍ ደራሲዋ ቢያትሪክስ ፖተር በ1943 ስትሞት ከ4,000 ኤከር የሚበልጥ መሬት፣ በእኛ ልክ 40 ጋሻ ገደማ፣ ለቅርስ ጠባቂው ናሽናል ትረስት ያወረሰችው እነዚህ በጎች እንዳይጠፉም ብላ ነው። በ2001 የአፍና የእግር በሽታ ገብቶ በመላ አገሪቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ከብትና በግ ሲታረድ፣ እሜቴ በስልክ ለጋሼ ያሉት፣ በግ ይገዛል፤ ተራራውን የምታውቅ በግ ግን ከየት ትገዛለች ነበር።

ሰው ሲበዛ ማማረር በዚያ አገር ያረጀ ልማድ ነው። ባለቅኔው ዎርድስዎርዝ ግራስሚር ውስጥ ከ1799 እስከ 1808 የኖረባት ትንሽ ቤት አለች፤ መቃብሩም እዚያው ቅዱስ ኦስዋልድ ነው። ስለ ሐይቆቹ የመንገደኛ መምሪያ የጻፈው እሱ ራሱ ሆኖ፣ በ1844 የባቡር ሐዲድ ወደ ዊንደርሚር ሊዘረጋ ነው ሲባል ሕዝቡ ይጎርፍብናል ብሎ ተቃወመ። ባቡሩ በ1847 ገባ። በፎርድ ጎርፌ የገባሁት እኔ በሌላው ለመፍረድ አፍ የለኝም።

በቅርቡ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ሐይቁም ካቡም እንዳለ ነው፤ እንዲያውም በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ በቀድሞው የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከ1854 ጀምሮ የሚሸጠው የዝንጅብል ብስኩትም አለ፤ ሰልፉ ብቻ ረዝሟል። ሳንቲም እየከተትን ሊድስ የምንደውልበት ቀይ የስልክ ቤት ውስጡ የልብ ማስነሻ መሣሪያ ተሰቅሎበታል። ይህ አይከፋም። የከፋኝ ማታ ማታ ነው፤ ከቤቶቹ ግማሹ መብራት የለውም። በየበሩ ጎን በቁጥር የምትከፈት የቁልፍ ሳጥን ተለጥፋለች። የእሜቴም ቤት እንዲሁ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱ በሳምንት ይከራያል። ቁጥሩ በስልክ መልእክት ደረሰን፣ ቆሻሻ ስለ መለየት የሚያስረዳ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ከዱሮው ያማረ ነው። ዓርብ ዕለት ምን እንደምንበላ የጠየቀን የለም። ወራሾቹን አልወቅስም፤ ቁርስ እየጠበሱ ልጅ ማሳደግ ዛሬ አያዋጣም።

በማግስቱ ራይዳል መንገድ ላይ አንድ እረኛ የፈረሰ ካብ ሲያቆም አገኘን። ጋሼ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገብተዋል፤ በስልክ በምስል ደወልኩና ካቡን አሳየኋቸው።

«ጠጋ አድርገው፤ ማሰሪያው የታለ?» አሉ።

እረኛው ሳቀና በጣቱ አሳያቸው። ትንሽ ተከራከሩ። ጋሼ ሲሚንቶ ገብቶበታል አሉ፣ እሱ ማለ። በመጨረሻ፣ ታዲያ መቼ መጥተው ራስዎ ያዩታል አላቸው።

«እናንተ ሰፈር ማደሪያ ካገኘህልኝ ለነሐሴ እመጣለሁ» አሉት በዚያ በሚጎተተው የሊድስ እንግሊዝኛቸው።

እረኛው የሚቀጥለውን ድንጋይ እያገላበጠ፣ እሱ ራሱ እዚህ ማደሪያ እንደሌለው፣ አባቱ የተወለዱበት ቤት ለእንግዳ እንደሚከራይ፣ ወደ በጎቹ የሚመጣውም በየጠዋቱ ከፔንሪዝ እየነዳ እንደሆነ ነገራቸው።

«ቤንዚኑን ማን ይችልሃል?» አሉት ጋሼ።