ከኢፕር ከተማ እስከ ሰሜን ባሕር በቢስክሌት

በቤልጅግ አገር፣ በምዕራብ ፍላንደርስ ጠቅላይ ግዛት፣ ከኢፕር ከተማ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ባሕር የሚያደርስ የቢስክሌት መንገድ አለ። በአንድ ወገኑ ረጋ ያለ የውሃ ቦይ፣ በሌላው ወገኑ የድንችና የበቆሎ እርሻ ይታያል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ዐይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ብቻ ነው። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጕልበቱ የጠና ጐልማሳ በሁለትና በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። እኛ ግን ዕድሜያችን ከ60 ያለፈ፣ ባለቤታችንም ከተማሪነቷ ዘመን ወዲህ በቢስክሌት ላይ ያልወጣች በመሆኗ፣ ከጧት እስከ ማታ ሄድንበት። በዚህም አልተጸጸትንም።

ልጃችን ለሥራ በብራስልስ ከተማ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ፣ ከከተማው ጫጫታ ወጣ ብለን እንድንናፈስ በባቡር ወደ ኢፕር ወሰደን። ቢስክሌቶቹን ያከራዩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኮርቻውን እንደየቁመታችን ዝቅና ከፍ አደረጉልን፤ ፍሬኑንና ካቴናውን መረመሩ፤ ጎማውንም በጣታቸው ተጫኑ። ከዚያ በኋላ፣ “ዳገት አታገኙም፤ የእኛ አገር ዳገት ነፋሱ ነው” አሉን። ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጥረን ሣቅን።

መንገዱን ለማግኘት ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። በየመንታ መንገዱ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሞአል፤ መንገደኛው የሚያልፍባቸውን ቍጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፎ ይይዝና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተከተለ ይሄዳል። ይህን ዘዴ ያመጣው ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ሲሆን፣ ሥራው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1995 በሊምቡርግ ጠቅላይ ግዛት ተጀምሮ ወደ ሌሎቹም ተስፋፋ። ባለቤታችን ወረቀቱን ከመሪው ላይ በክር አሰረችና የጕዞው አለቃ ሆነች። ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳሳትን፤ ሁለቱም ጊዜ የሷን ቃል ባለመስማታችን ነበር።

የጧቱን ጕዞ ከመናገራችን በፊት ስለ ከተማዪቱ ጥቂት ማለት ይገባናል። ኢፕር በ13ኛው መቶ ዓመት በሱፍ ጨርቅ ንግድ የበለጸገች ከተማ ነበረች፤ በአደባባይዋ ላይ ያለው ታላቁ የጨርቅ አዳራሽ የዚያ ዘመን ሀብት ምስክር ነው። ነገር ግን ዛሬ የሚታየው ድንጋይ የጥንቱ አይደለም። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ከተማዪቱ በመድፍ ፈጽማ ስለ ጠፋች፣ አዳራሹ እንደ ቀድሞው መልኩ ሆኖ እንደ ገና ተሠራ፤ ሥራውም እስከ 1967 ድረስ ቈየ። ይህን ሳያውቅ የመጣ ሰው ሁሉም ነገር የ700 ዓመት ዕድሜ ያለው ይመስለዋል። እኛም መስሎን ነበር።

በከተማዪቱ ምሥራቅ በኩል የሜኒን በር የሚባል ታላቅ የመታሰቢያ ቅስት አለ። በ1927 ተመርቆ የተከፈተ ሲሆን፣ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ የእንግሊዝ መንግሥትና የግዛቶቹ ወታደሮች ስም በግድግዳው ላይ ተቀርጾአል። የሕንድ ሰዎችም ስም በዚያ አለ። ማታ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን መኪና ሁሉ ይቆማል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መለከት ይነፋሉ። ይህ ልማድ ከ1928 ጀምሮ የጸና ነው፤ የተቋረጠው ጀርመኖች በሁለተኛው ጦርነት ከተማዪቱን በያዙበት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በ1944 ነጻ በወጣችበት በዚያው ዕለት ማታ እንደ ገና ተነፋ። እኛ በደረስንበት ምሽት ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ መለከቱ ሲያበቃ ግን ከሕፃናት በቀር ድምፅ ያሰማ አልነበረም።

በማግሥቱ በጧት ተነሣን። ከከተማው ወጥተን 2 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ኤሴክስ ፋርም የሚባለውን መካነ መቃብር አገኘን። በቦዩ ዳር የሲሚንቶ ዋሻዎች ይታያሉ፤ የቈሰሉ ወታደሮች የሚታከሙባቸው ነበሩ። ጆን ማክሬ የተባለ የካናዳ ሐኪም የፍላንደርስን ቀይ የሜዳ አበባ በዓለም ያስታወቀውን ግጥም በ1915 የጻፈው በዚህ ስፍራ ሲያገለግል ነው። ከመቃብሮቹ አንዱ የ15 ዓመት ልጅ መቃብር ነው። ባለቤታችን በዚያ ፊት ለብዙ ጊዜ ቆመች፤ እኛም አላጣደፍናትም።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው የነገሩን ዳገት መጣ። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል በቀጥታ ደረታችንን ይመታን ጀመር። ፔዳሉን ብንረግጥ ብንረግጥ የምንራመድ አይመስልም፤ ልጃችን ከፊት ሆኖ ነፋሱን ቢከላከልልንም፣ እኛ በየኪሎ ሜትሩ እንወርድ ነበር። በልባችን ነፋሱን ረገምነው ብንል እውነት ነው።

እንዲህ እየደከምን ስቴንስትራት ከሚባለው ድልድይ ደረስን። በድልድዩ አጠገብ አንድ ረጅም መስቀል ቆሞአል። በስፍራው ቀድሞ ሌላ ሐውልት ነበረ፤ በመርዝ ጋዝ ያለቁትን የሚያስታውስ በመሆኑ ጀርመኖች በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ አፈረሱት፤ ከጦርነቱ በኋላ ስለ ዕርቅ ይህ መስቀል ተተከለ። ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ገደማ፣ ጀርመኖች ከዚህ ድልድይ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው ምሽጋቸው ከ5,000 በላይ የሆኑ የክሎሪን ጋዝ መያዣዎችን ከፈቱ። ቢጫና አረንጓዴ የመሰለው ደመና መሬት ለመሬት እየተሳበ በፈረንሳይና ከአልጄሪያ በመጡ ወታደሮች ላይ ደረሰ። ማንም ጭምብል አልነበረውም።

ልጃችን እንዲህ ሲል ያነበበውን ነገረን፤ መያዣዎቹ በምሽጉ ውስጥ ከተቀበሩ በኋላ ብዙ ቀን ሳይከፈቱ ቈይተዋል፤ በዚህ አገር የሚበዛው ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ነውና፣ ቢከፈቱ ኖሮ ደመናው ወደ ራሳቸው ይመለስ ነበር። ጦሩ በሙሉ የነፋሱን መዞር ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። የምንረግመው ነፋስ እነዚያን ሰዎች ለጥቂት ቀናት አቈይቶአቸዋል።

በዚያው በኢፕር አካባቢ፣ በጁላይ 1917፣ ጀርመኖች ሌላ የባሰ መርዝ አመጡ። ይህኛው እንደ ደመና የሚያልፍ ሳይሆን እንደ ዘይት በሣርና በአፈር ላይ የሚቀር፣ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያቈስል፣ ዐይንን የሚያሳውር ነው። እንግሊዞች ስለ ሽታው የሰናፍጭ ጋዝ አሉት፤ ፈረንሳዮች ግን በከተማዪቱ ስም ኢፔሪት ብለው ጠሩት፤ ኢጣልያኖችም ኢፕሪት አሉት።

ይህን ስም ስንሰማ ከቢስክሌቱ ወርደን በሣሩ ላይ ተቀመጥን። አያታችን ከራስ እምሩ ጦር ጋር ከጐጃም ወደ ተከዜ የዘመቱ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አጠገብ በዚያ ጦር ላይ ይህንኑ መርዝ ጣሉ። አያታችን ከሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቻቸው በታች ቆዳቸው እንደ ተላጠ ዛፍ የነጣ ነበር። መርዙን “ጠሉ” ይሉት ነበር እንጂ ሌላ ስም አያውቁለትም። እኛ የልጅ ልጆቻቸው በጧት እርጥብ ሣር በባዶ እግራችን ስንረግጥ ካዩ ከመደባቸው ተነሥተው ይጮኹብን ነበር፤ ስለምን እንደ ሆነ ግን ሳይነግሩን ዐረፉ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለን ነው የቀበርናቸው። ቍስላቸው የአንዲት ሩቅ ከተማ ስም እንዳለው እሳቸው ሳያውቁ ሞቱ፤ እኛም እስከዚያች ቀን አናውቅም ነበር።

ልጃችን ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፣ “አባባ፣ በተከዜስ ነፋስ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም?” ሲል ጠየቀን።

አላስፈለጋቸውም። በኢፕር የነበሩት ነፋስ ጠበቁ፤ በተከዜ ግን መርዙ ከሰማይ ስለ ወረደ ነፋስ የሚጠብቅ፣ ነፋስም የሚያድነው ሰው አልነበረም። በ1917 በፍላንደርስ የተዋጉት ጭምብል ነበራቸው፤ የእኛ ጦር ጭምብል ቀርቶ የሚበዛው ጫማም አልነበረውም። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው ውል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1925 በጄኔቫ ሲፈረም ኢጣልያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያችው በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ አውሮፕላኖች በረድፍ ሆነው መርዙን በሰውና በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ እንደ ዝናብ እንዳዘነቡት ተናገሩ። የኢጣልያ መንግሥት ነገሩን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በመስቀሉ ፊት አማትበን ጕዞአችንን ቀጠልን። ቦዩ ከኢዘር ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት ድልድይ አልፈን በምሳ ሰዓት ዲክስሞይደ ገባን። በዚያ 84 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ቆሞአል፤ በላዩም ጦርነት አይደገም የሚል ቃል በአራት ቋንቋ ተጽፎአል። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት የነበረውን ግንብ ሰዎች በ1946 በፈንጂ አፍርሰውታል። ከከተማው ወጣ ብሎ በወንዙ ዳር የሞት ምሽግ የሚባለው ይገኛል፤ የአሸዋ ከረጢቶቹ በሲሚንቶ ተተክተው እስከ ዛሬ ቆመዋል። የቤልጅግ ወታደሮች በዚህ መሥመር አራት ዓመት ቈዩ። ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ ሕዝብ አይደሉም፤ የቤልጅግ መኰንኖች ከኢጣልያ ወረራ በፊት የክብር ዘበኛችንን አሠልጥነዋል፤ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦርም በ1933 ዓ.ም. ሳዮ፣ ማለት የዛሬዪቱ ደምቢ ዶሎ፣ ላይ የኢጣልያን ጄኔራል እጁን እንዲሰጥ አድርጎአል።

ከዲክስሞይደ እስከ ኒውፖርት ያለው መንገድ የቀድሞ የባቡር ሐዲድ የነበረበት ነው። ሐዲዱ ተነቅሎ ዛሬ ቢስክሌት ይሄድበታል። መደቡ ከሜዳው እምብዛም ከፍ አላለም፤ ነገር ግን አገሪቱን ያዳነ ከፍታ ይህ ነው። በኦክቶበር 1914 መጨረሻ ጀርመኖች ሊያልፉ በተቃረቡ ጊዜ፣ ካሬል ኮኸ የተባለ የውሃ ተቈጣጣሪና ሄንድሪክ ኼራርት የተባለ ጀልባ ነጂ የኒውፖርትን የውሃ በሮች ጠባይ ለሠራዊቱ አመለከቱ። ባሕሩ በሌሊት ሲሞላ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ሲጐድል ይዘጋሉ። በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ በወንዙና በሐዲዱ መካከል ያለው እርሻ ሁሉ ጨው ውሃ ሆነ፤ የጀርመኖቹም ጕዞ በዚያ ተገታ። እርሻውን ያጡት ገበሬዎች የገዛ አገራቸው ሰዎች መሆናቸውን ልንዘነጋ አይገባም። ዛሬ በዚያው መስክ ላሞች ይግጣሉ፤ ገበሬው ግን በየዓመቱ ሲያርስ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት፣ አንዳንዱም የመርዝ ጋዝ ያለበት ያገኛል። የሠራዊቱ ባለሙያዎች እየዞሩ ይሰበስቡታል። በዚህ አገር የሚጓዝ ሰው በእርሻ ዳር የዛገ ብረት ቢያይ ፈጽሞ እንዳይነካ እንመክራለን።

ከጠዋቱ ጀምሮ የታገለን ነፋስ የባሕሩን ሽታ ይዞ ሲመጣ ኒውፖርት ደረስን። እግራችን እንጨት ሆኖ ነበር። የውሃ በሮቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ብዙ ቦዮች በአንድ ስፍራ ስለሚገናኙ ሕዝቡ የዝይ እግር ይለዋል። በዚያ ቆመን ውሃውን እያየን ቡና ጠጣን። የቡናቸውን ነገር ባናነሣው ይሻላል።

በኒውፖርት ዐድረን በማግሥቱ በዚያው መንገድ ስንመለስ ነፋሱ ከኋላችን ሆነ፤ ባለቤታችን ፔዳል ሳትረግጥ ብዙ ሜትር ትሄድ ነበር። በስቴንስትራት እንደ ገና ወረድን። በሣሩ ላይ የጧት ጠል ነበረ። ልጃችን ጫማውን ሊያወልቅ ሲጐነበስ አየነው፤ ከዚያ እኛን ቀና ብሎ ተመለከተና መልሶ አሰረው።

ኢፕር ደርሰን ቢስክሌቶቹን ስናስረክብ ሽማግሌው ፍሬኑን እየመረመሩ፣ “ነፋሱስ እንዴት ነበር?” ሲሉ ጠየቁን።

“ከባሕሩ በኩል ነበር” አልናቸው።

“ደግ ነው” አሉ፤ ሒሳቡንም ተቀበሉን።