ቅጠሉን የበሳው ማነው?

ቤቴ ውስጥ 40 ሊትር ውሃ በሚይዝ አኳሪየም ቀያይ ሽሪምፖች አረባለሁ። እንግዳ መጥቶ የተበሳሳ ቅጠል ካየ ጣቱን የሚቀስረው እነሱ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ቀዳዳው ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ግን የሚለቅሙት የሞተውንና የበሰበሰውን ነው፤ ጤነኛ ቅጠል እምብዛም አይነኩም።

ምርመራው የሚጀምረው «የትኛው ቅጠል ታመመ?» ከሚለው ነው። አሮጌው ቢጫ ሆኖ አዲሱ ለምለም ከሆነ፣ ናይትሮጅን ያጠረው ተክል ከአሮጌው እየነጠቀ አዲሱን እየቀለበ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ከበዛ ፖታሲየም ይጠረጠራል። አዲሱ ገርጥቶ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ደግሞ ብረት። ከውሃ ውጭ አድጎ ገና የተገዛ ተክል ግን ቅጠሉን ቢያራግፍ አይገርምም፤ ቡቃያ ካወጣ ይድናል።

ችኮላ ዋጋ ያስከፍላል። በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት የሚያፈሱ አሉ። አንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ቅጠል እናድን ሲባል ያልበደሉት ያልቃሉ።

በዜና ሥራዬም የምፈራው ይህንኑ ነው፦ ጉዳቱ ቦታ የተገኘውን ሁሉ ጥፋተኛ ማድረግ።