“እብድ ነው” የተባለው ሰው የሲሚንቶ ማማዎች

ሎስ አንጀለስ ዘመድ አለዎት? እንግዲያው እንግዳ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የት እንደሚወስዱት ሳያውቁ አይቀሩም። ፌርፋክስ ጎዳና! ከ2002 ጀምሮ /እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው/ “ሊትል ኢትዮጵያ” የሚል ስም በይፋ የተሰጠው ሰፈር ማለት ነው። ክትፎው ይበላል፣ ቡናው ይጠጣል፣ የአገር ቤት ወሬ ይወራል። ከዚያ ሆሊውድ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ... በቃ! እኛ ግን ዛሬ ብዙ ሰው ወደማይጋብዝዎ ሰፈር ልንወስድዎ ነው።

ከፌርፋክስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲነዱ ዋትስ የሚባል የድሆች ሰፈር ያገኛሉ። በባቡር ከሆነ 103ኛ ጎዳና ላይ ይወርዳሉ። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ፎቅ የሚባል ነገር እምብዛም አያዩም። ታዲያ ከእነዚያ ዝቅተኛ ጣራዎች መሐል 30 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ማማ ብቅ ሲል ምን ይላሉ? ያውም አንድ ብቻ አይደለም። በአጥሩ ውስጥ 17 ሥራዎች አሉ። ማማው፣ ግንቡ፣ የውኃ ፏፏቴው፣ መርከብ የሚመስለው... ሁሉም በሲሚንቶ ተለብጠው በሸክላና በጠርሙስ ስብርባሪ አጊጠዋል።

ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ሰው ነው። መሐንዲስ አይደለም፤ ከጣሊያን የተሰደደ የቀን ሠራተኛ ነበር። ቀን ለእንጀራው ሲለፋ ይውልና ማታ ማታና በእረፍት ቀኑ በግቢው ውስጥ ይሠራል። በ1921 በአርባዎቹ ዕድሜው ጀመረ፤ በ1954 ሰባ ዓመት አልፎት ጨረሰ። 33 ዓመት! ያለ ረዳት፣ ያለ መወጣጫ እንጨት፣ ያለ ብየዳ። ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ ባልዲውን ይዞ፣ ራሱ በሠራው ማማ ላይ እየተንጠላጠለ ይወጣ ነበር።

ጎረቤት ምን ይላል? “እብድ ነው” ነዋ! የሰፈሩ ልጆችም ስብርባሪውን በድንጋይ ይመቱበት ነበር። በ1955 መሬቱን እንዲሁ ለጎረቤት ሰጥቶ ሄደ፤ ተመልሶም አላየውም። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ የከተማው ሹሞች “አደገኛ ነው፣ ይፍረስ” አሉ። ወዳጆቹ ተከራከሩና ነገሩ በፈተና እንዲለይ ተስማሙ። በጥቅምት 1959 ረጅሙ ማማ 4,500 ኪሎ ግራም በሚያህል ጉልበት ወደ ጎን ተሳበ። ማማው ሳይሆን መሳቢያው መሣሪያ ተጣመመ! በ1990 ያ “የእብድ ሥራ” በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። ሰውየው ግን ይህን አላየም፤ በ1965 አርፏል።

ምስጢሩ ምን ነበር? የኛ ግንበኛ ቢያየው ወዲያው ይገባዋል። “ፌሮ” እና “አርማታ” የምንላቸው ቃላት ራሳቸው ከሰውየው አገር የመጡ አይደሉ? በቅርብ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ሥር ብረቱን እየሸጎጠ ያጎብጠዋል። መጋጠሚያውን በሽቦ ይጠመጥማል፤ በላዩ ላይ የሽቦ መረብ ያለብስበታል። ከዚያ ሲሚንቶና አሸዋውን በእጁ ይለጥፋል። ሳይደርቅም የሰሐን ስባሪ፣ ዛጎል፣ አረንጓዴ ጠርሙስ ይተክልበታል። መዶሻውንና ሌሎች መሣሪያዎቹን ሳይቀር እርጥቡ ላይ እየጫነ ማኅተም አድርጎባቸዋል።

ማማው ይቅርብን። ለግቢ መንገድ የሚሆን አንድ ያጌጠ ንጣፍ ግን ማንም መሥራት ይችላል። የሚያስፈልግዎት፦ ወንፊት፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ጥቂት የዶሮ ሽቦ፣ ያረጀ ሳፋ፣ ወፍራም የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር። ጌጡን ከቤትዎ አያጡም፤ የተሰበረ ስኒ የማይገኝበት ቤት የት አለ?

ስብርባሪውን በጆንያ ጠቅልለው ይምቱት፤ ዓይንዎን ይጠብቁ። ሳፋውን ውስጡን ዘይት ይቀቡት። አንድ ጣሳ ሲሚንቶ ከሦስት ጣሳ የተነፋ አሸዋ ጋር በደረቁ ያዋሕዱ፤ ውኃውን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ጓንት ባደረገ እጅዎ ሲጨብጡት ቅርጹን ከያዘና ውኃ ካልወረደው በቃው። “እንዳይከብደኝ” ብለው ውኃ ካበዙበት ይሰነጠቃል። ግማሹን ሞልተው ጠቅጠቅ ያድርጉ፤ ሽቦውን ያንጥፉ፤ ሌላውን ግማሽ ይጨምሩ። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ሽቦው ከጫፍ አይታይ። ብረት እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል። የዋትስ ማማዎችም ጥገና ያልተለያቸው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ስብርባሪውን ከላይ ተክለው በጠፍጣፋ እንጨት እኩል ይጫኑት። እግር እንዳይቆርጥ የሾለ ጠርዝ አይተዉ። በርጥብ ስፖንጅ ጠርገው ፕላስቲክ ያልብሱትና ጥላ ሥር ያኑሩት። በሁለተኛው ቀን ከሳፋው ያውጡት፤ ለ7 ቀን ግን በየቀኑ ውኃ ያጠጡት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውኃ በመጠጣት ነው። ጉልበቱ በደንብ የሚሞላው ደግሞ በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ አይቸኩሉ። አደራ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ብናኙም ለሳንባ ጠንቅ ነው። ሕፃናትን ያርቁ።

ይህን የምንጽፈው ለአበባ መደብ ማማር ብቻ ብለን አይደለም። ጡረታ ወጥቶ ከበር እስከ መስኮት የሚመላለስ አባት በየቤቱ አለ። ውጭ አገር ደግሞ ሁለት ሥራ እየሠራ የራሴ የሚለው ነገር በእጁ የሌለው ወገን ሞልቷል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ስብርባሪ መልቀም ቢጀምር “ምነው፣ ጤና የለህም እንዴ?” ከማለትዎ በፊት ትንሽ ይታገሡ። ወንፊቱን ያቀብሉት። የተሰበረ ስኒም ካለዎት አይጣሉት፣ ያኑሩለት።